ጉልቻን መለወጥ ማገዶን ያተርፋል

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ብሂል በሕዝባችን ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው። ሹም ተሽሮ ሹም ሲተካ፣ ስም ተለውጦ ሥራው ግን እንዳለ ሲቀር የሚጠቀስ፣ እውነትነት ያለው አነጋገር ነው። ይሁን እንጂ ብሂሉን ከሹመት ወንበር አውርደን ወደ ማጀት ስናስገባው ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ጉልቻን መለወጥ ወጡን ባያጣፍጥም፣ ከጉልቻው ሥር የሚገባውን እንጨት ግን እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ ይችላል። ከእንጨቱም ጋር የእናቶችን ድካም፣ የዓይንና የሳንባ ሕመምን፣ የኪስን ወጪና የደንን ጥፋት ይቀንሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምድጃ መምረጥ ለማጀት ብቻ የሚተው ጥቃቅን ጉዳይ አለመሆኑን ማስረዳትና፣ ያለንን ምድጃ ሳናፈርስ እንዴት ልናሻሽለው እንደምንችል ማመልከት ነው።

ለዚህ አስተያየት መነሻ የሚሆነውን ትምህርት ከጎረቤታችን ከሱዳን እናገኛለን። ከካርቱም በስተደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ ካላክላ የሚባል ሰፊ የመኖሪያ ሰፈር አለ። አል-ቁባ፣ ሰንግዓት፣ አል-ለፋ በሚባሉ ክፍሎች ተከፍሎ በአብዛኛው ሠርቶ አዳሪ የሚኖርበት ነው። በካርቱም ለኖሩ ኢትዮጵያውያንም እንግዳ ስም አይደለም። ከጦርነቱ በፊት በዚያች ከተማ በብዙ ቤቶች ወጥ የሚሠራው በጋዝ ሲሆን፣ «ካኑን» የሚባለው የቆርቆሮ ከሰል ምድጃ ደግሞ ለቡናና ለሻይ ይቀመጥ ነበር። በየመንገዱ ዳር ሻይና ቡና እያፈሉ ለሚተዳደሩት ሴቶች፣ ከእነርሱም መካከል ለብዙ ኢትዮጵያውያት፣ ካኑን የሥራ መሣሪያቸው ነበር። ከሰሉ በጠዋት አልቆ እንደ ሆነ የቀኑ ትርፍም አብሮ አለቀ ማለት ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። ከከተማይቱ በስተሰሜን በአል-ጃይሊ የሚገኘውና በቀን 100,000 በርሜል ድፍድፍ ዘይት የማጣራት አቅም የነበረው ትልቁ ማጣሪያ በዚያው ዓመት ክረምት ሥራውን አቆመ። በጥር 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር መልሶ ሲይዘው ክፉኛ ተቃጥሎ ተገኘ። ማጣሪያው የምግብ ማብሰያ ጋዝም የሚገኝበት ስለ ነበር፣ የጋዝ ሲሊንደር ከገበያ እየጠፋ፣ ሲገኝም ዋጋው የማይቀመስ እየሆነ ሄደ። በዚህን ጊዜ በካላክላም ሆነ በሌላው የካርቱም ሰፈር ሁሉም ወደ ካኑን ተመለሰ። ከሰል የመግዛት አቅም ያጣው ደግሞ ሱዳኖች «ለዳያት» ወደሚሏቸው ሦስት ድንጋዮች ዞረ። እነዚህ ለዳያት ከእኛ ጉልቻ በምንም አይለዩም።

መዘዙ ብዙም አልዘገየም። በከተማይቱ፣ በነጭ ዓባይ ዳር፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ተጠብቆ የኖረው የሱንት ደን በጦርነቱ ዓመታት ተመንጥሮ ጉቶ ብቻ ቀረ። ሱንት የግራር ወገን ሲሆን፣ ደኑ በየዓመቱ ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎች ማረፊያ፣ ለከተማይቱም የአቧራና የጎርፍ መከላከያ ነበር። በየሰፈሩ ወጣቶች ያቋቋሟቸው የጋራ ወጥ ቤቶች በትላልቅ ድስቶች ፉልና ምስር እየቀቀሉ ብዙ ሕዝብ ከረሃብ ሲያድኑ፣ ከእህሉ ቀጥሎ ያስጨነቃቸው ማገዶ ነበር። ጦሩ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከተማይቱን መልሶ መቆጣጠሩን አስታወቀ። የተቆረጠው ዛፍ ግን በአዋጅ የሚመለስ አይደለም።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጋዝና ኤሌክትሪክ መልካም ናቸው። ነገር ግን ጋዝ በመንገድ ይመጣል፣ መንገድ ይዘጋል፤ ኤሌክትሪክ በሽቦ ይመጣል፣ ሽቦ ይበጠሳል። ደጀን የሌለው ጦር ግንባሩ የተሰበረ ዕለት መግቢያ እንደሚያጣ ሁሉ፣ የተሻሻለ ምድጃ በመጠባበቂያነት ያልያዘ ቤትም በችግር ቀን ወደ ሦስቱ ድንጋይ ይመለሳል። ያን ጊዜ ደግሞ ምድጃ አማርጦ ለመግዛት ጊዜም ገንዘብም አይኖርም። ስለዚህ ምድጃ የሚመረጠው በሰላሙ ቀን ነው።

ለመምረጥ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በሦስት ጉልቻ መካከል ከሚነድ እንጨት ወደ ድስቱ የሚገባው ሙቀት በተለመደው አኳኋን ከመቶው እጅ ከ10 እስከ 15 ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው በነፋስ ይበተናል፣ መሬቱንና ድንጋዩን ያሞቃል፣ ሳይነድ በጢስ መልክ ይወጣል። ጢስ ማለት ያልተቃጠለ ማገዶ ነው። ጣራውን የሚያጠቁረው ጥላሸት በገንዘብ ተገዝቶ ወይም በጀርባ ተሸክሞ የመጣ እንጨት ነው።

የተሻሻለ ምድጃ የሚሠራቸው ሥራዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ እሳቱን በጠባብና በጋለ ክፍል ውስጥ አኑሮ፣ አየርን ከሥሩ በወንፊት በኩል በማስገባት፣ ጢሱ ራሱ እንዲነድ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ የጋለውን አየር ከድስቱ ቂጥና ጎን ጋር አጠጋግቶ እንዲያልፍ በማስገደድ ሙቀቱን ለድስቱ ማስረከብ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ የሚሠራ ምድጃ ጢስ ይቀንሳል እንጂ ማገዶ ብዙ አያተርፍም። ሁለተኛውን ብቻ የሚሠራው ደግሞ ማገዶ አትርፎ ቤቱን በጢስ ይሞላል። ስለዚህ በሻጭ ፊት ስንቆም መጀመሪያ የምንጠይቀው «አየሩ በየት ይገባል? ነበልባሉስ በየት በኩል ድስቱን ይነካል?» ብለን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነጥብ ማንሣት ያስፈልጋል። ወፍራም የድንጋይ ወይም የጡብ ግንብ ሙቀት ይይዛል ሲባል፣ ሙቀት ያስቀራል ማለት ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከባድ ድንጋይ ሙቀት ይጠጣል። እሳቱ እንደ ተለኮሰ የመጀመሪያውን ሙቀት ግንቡ ለራሱ ይወስደዋል፣ ድስቱ የሚያገኘው ግንቡ ከጠገበ በኋላ ነው። ሙቀትን የሚያግደው ክብደት ያለው ነገር ሳይሆን በውስጡ አየር የያዘ ቀላል ነገር ነው። አመድ፣ የእሳተ ገሞራ አሸዋ፣ ተንሳፋፊ ድንጋይ እነዚህን የመሰሉ ናቸው። በግንብ ምድጃ ላይ አንድ ጀበና ቡና ለማፍላት የሚፈጀው እንጨት ከሚገባው በላይ የሚሆነውም ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ ግንብ ምድጃ ያለው ቤት ምን ያድርግ? ያፍርሰው ማለት አይደለም። ግንቡ ነፋስ ይከለክላል፣ ሕፃናትን ከእሳት ይጠብቃል፣ ለድስትም ጽኑ መቀመጫ ነው። የሚያስፈልገው በውስጡ ሌላ የእሳት ክፍል መትከል ብቻ ነው። ከሸክላ የተሠራ፣ ክርን የሚመስልና «ትክክል» በሚባለው የእንጨት ምድጃ ውስጥ ያለውን የመሰለ የእሳት ጎሮሮ፣ ወይም የሸክላ ሽፋን ያለው የከሰል ማንደጃ በግንቡ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። በሸክላውና በግንቡ መካከል የሚቀረው ክፍተት በተነፋ ደረቅ አመድ ይሞላል። ከመግዛት በፊት የግንቡን አፍ ስፋት፣ የሆዱን ጥልቀትና የድስቱን ወርድ በገመድ ለክቶ ወደ ገበያ መሄድ ይገባል። ምድጃ ገዝቶ ግንብ ከመጥረብ ግንብ ለክቶ ምድጃ መግዛት ይቀላል።

የዚህ አሠራር ሐሳብ ከሩቅ የመጣ ቢሆንም አገራችን ገብቶ ለምዷል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኬንያ ከታይላንድ የባልዲ ምድጃ ተቀድቶ፣ ውጩ ቆርቆሮ ውስጡ ሸክላ የሆነ «ጂኮ» የሚባል የከሰል ምድጃ ተሠራ። በአገራችንም በዚሁ መንገድ የተሠራው «ላቀች» ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ከሰልን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ይኸውም አራት ጆንያ ከሰል ይፈጅ የነበረ ቤት ሦስት ይበቃዋል ማለት ነው። ባለሙያዎቻችን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያዘጋጁት «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ ደግሞ ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ አሸዋ በተሠሩ ተገጣጣሚ ክፍሎች ምጣዱን ዙሪያውን ይከባል። ከኋላ በሚወጣው ትኩሳትም ሌላ ድስት ያሞቃል። ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨትን በግማሽ ያህል ያድናል። ከቤት ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚበላው እንጀራ መጋገር መሆኑን ስናስብ፣ ገንዘቡ ለአንድ ምድጃ ብቻ የሚበቃ ቤት ቅድሚያ መስጠት ያለበት ለምጣዱ ነው።

ስለዚህ ምርጫው በሦስት ጥያቄዎች ይመራ። ምን እናነዳለን? ምን እናበስላለን? የምናበስለውስ በየትኛው ክፍል ነው? ለእንጀራ ምርጥ፣ ለወጥ በእንጨት ትክክል፣ በከሰል ላቀች የየራሳቸው ሥራ አላቸው። የከሰል ምድጃ ላይ እንጨት መማገድ፣ የትንሽ ድስት ምድጃ ላይ ትልቅ ድስት መጣድ ሁለቱንም ያበላሻል። ምድጃው በመልኩና በቀለሙ አይመረጥም። ሸክላው በጣት ጫፍ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ካሰማ ደኅና ነው። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ስንጥቅ አለበት። የወንፊቱ ቀዳዳዎች ያልተደፈኑ፣ የአየር በሩ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ድስት ማስቀመጫዎቹም እኩል መሆናቸው ይታይ። ከሁሉም የሚበልጠው ፈተና በቤት የሚደረገው ነው። በአሮጌውና በአዲሱ ምድጃ፣ በዚያው ድስት፣ እኩል ውኃ፣ እኩል የተመዘነ ከሰል አድርጎ የትኛው ቀድሞ እንዳፈላና የትኛው ከሰል እንዳስተረፈ ማየት ነው። ሚዛን አይዋሽም።

የከሰል ነገር ሲነሣ አንድ ሒሳብ መዘንጋት የለበትም። በተለመደው የአፈር ክምር አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። እንጨቱ ከያዘው ኃይልም ከግማሽ በላይ የሚሆነው በዚያው በክምሩ ላይ ይጠፋል። አንድ ጆንያ ከሰል 40 ኪሎ ቢመዝን፣ ከኋላው ከ200 እስከ 400 ኪሎ እንጨት አለ። ላቀች የምታስቀራት አራተኛዋ ጆንያ እንግዲህ ጆንያ ብቻ አይደለችም፣ የቆመ ዛፍ ናት።

ሸክላውን የሚሠሩት እጆችም ሊታሰቡ ይገባል። ኅብረተሰባችን ሸክላ ሠሪንና ቀጥቃጩን ለዘመናት በንቀት ሲያይ፣ ሲብስም «ቡዳ» እያለ ሲያገልል ኖሯል። የሠሩትን ምጣድና ጀበና እየተጠቀመ ሠሪዎቹን ከማዕድ አርቋል። ዛሬ የምድጃው ጥራት የሚወሰነው ጭቃውን በሚያቦካው፣ በሚያደርቀውና በሚተኩሰው ሰው ችሎታ ነው። በችኮላ የተተኮሰ ሸክላ በወር ውስጥ ይሰነጠቃል፣ ገዢውም «የተሻሻለ ምድጃ ከንቱ ነው» ብሎ ወደ ጉልቻው ይመለሳል። ለባለ ሙያው ተገቢውን ዋጋና ክብር መስጠት ለራስ ማትረፍ ነው።

አሁን ወደ ሠራዊቱ እንምጣ። ስንቅ ከትጥቅ ተለይቶ እንደማይታይ ማንኛውም ወታደር ያውቃል። ስንቅ ግን ደረቁ እህል ብቻ አይደለም፣ እህሉን የሚያበስለው ማገዶም ስንቅ ነው። አንድ ሻምበል ጦር የሚመገብበት ድስት በክፍት እሳት ላይ ሲጣድ የሚፈጀው እንጨት ብዙ ነው። እንጨቱ ደግሞ የሚመጣው የአካባቢው ገበሬ ከሚኖርበት መሬት ነው። ጦር በሰፈረበት ሁሉ ተራራው የሚራቆት ከሆነ፣ ሕዝቡ ሠራዊቱን የሚያስታውሰው በጉቶው ይሆናል። ለትላልቅ ድስቶች መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ድስቱን ዙሪያውን የሚከብ ግንብ ተሠርቶ፣ በድስቱና በግንቡ መካከል ከሁለት ጣት ያልበለጠ ክፍተት ይቀራል፣ ጢሱም በጭስ ማውጫ ይወጣል። እንጨቱ ተፈልጦና ደርቆ በትንሽ በትንሹ ይገባል። ፉሉና አተሩ ከማታ ጀምሮ ይዘፈዘፋል። ድስቱ ይከደናል። ለግዳጅ በወጣ ጦር ዘንድ ደግሞ ጢስ ሌላ ጠንቅ አለው፤ ሥፍራን ያጋልጣል።

ሊሠመርበት የሚገባ ማስጠንቀቂያም አለ። ከሰል ጢስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ከሚነድ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። በብርድ ሌሊት በተዘጋ ክፍል፣ በድንኳን ወይም በዘብ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው ላይነሣ ይችላል። የተሻሻለ ምድጃ ይህን አደጋ አያስቀርም። በመሆኑም ላቀችም ሆነ ካኑን በር ወይም መስኮት በተከፈተበት እንጂ በተዘጋ ክፍል ፈጽሞ መንደድ የለበትም። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በዓለም ላይ ሞተዋል። ከእነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ይህ ቁጥር ከብዙ ጦርነቶች የሚከፋ ነው።

እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ብርዳማ ከተሞች፣ ግድግዳ ውስጥ የተገነባ የእሳት ማንደጃ ያላቸው ቤቶች ጉዳይም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ክፍት ማንደጃ ለዓይን ያምራል፣ ሙቀቱን ግን አብዛኛውን በጭስ ማውጫው ወደ ሰማይ ይሰደዋል። ከመቶው 10 እስከ 15 እጅ ቢያስቀር ነው። በማንደጃው ሆድ ውስጥ በር ያለው የብረት ምድጃ ቢገጠም ከ65 እጅ በላይ ሊያስቀር ይችላል። ሆኖም ብረቱ ብቻውን አይበቃም። ከምድጃው አፍ ጀምሮ እስከ ጣራ የሚደርስ፣ ያልተቋረጠና ለምድጃው የሚመጥን ቱቦ ካልተገጠመለት ጢሱ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። በየዓመቱ ጥላሸቱ ካልተጠረገም ቱቦው ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ተገቢም ናቸው። የተሻሻለ ምድጃ ከሦስት ድንጋይ ይልቅ ዋጋ አለው፣ ድንጋይ ግን በነጻ ይገኛል። ረጅም እንጨት አይቀበልም፣ መፍለጥ ይጠይቃል። ሸክላው ይሰበራል። ደግሞም «ግድብ ተሠርቶ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ስለ ማገዶ ማውራት ለምን አስፈለገ?» የሚል ይኖራል። የዓባይ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ የሁላችንም ኩራት ነው። መብራቱ በማይቋረጥበት ቤትም ከኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሻል የለም። ነገር ግን ኃይሉ ከግድቡ ተነሥቶ ከየጎጆው እስኪገባ ድረስ ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ይጠይቃል፣ ምጣዱም ገንዘብ ይጠይቃል። እስከዚያው እንጨቱ ይቆረጣል። የድንጋዩን ነጻነት በተመለከተም፣ ድንጋዩ በነጻ ቢገኝ እንጨቱ በነጻ አይገኝም። በገንዘብ የማይገዛ ቢሆን እንኳ በሴት ልጅ ጀርባ ይገዛል።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደው ግን አንድ ሌላ ነው። ምድጃ የሚታደለው ብዙውን ጊዜ ምጣድ ሰፍተው በማያውቁ ሰዎች ውሳኔ ነው። ከፍታው ለጋጋሪዋ ወገብ የማይመች፣ አፉ ለአገሩ እንጨት የማይበቃ ምድጃ በትእዛዝ ቢታደል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የዶሮ ማደሪያ መሆኑ አይቀርም። በሠራዊቱ ልማድ ትእዛዝ የሥራ መሠረት ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ከአዛዡ ይልቅ ወጥ ቤቱ፣ ከአባወራው ይልቅ እማወራዋ ያውቃሉ። ስለዚህ ቀበሌም ሆነ የጦር ክፍል ምድጃ ከማደሉ በፊት ለሚያበስሉት ሰዎች ጥቂቱን ሰጥቶ ያስፈትን፣ አስተያየታቸውን ይስማ፣ ከዚያም ብዙውን ያሠራ።

የሚቀረው ሥራ የእያንዳንዳችን ድርሻ ነው። የከተማው ነዋሪ ግንቡን ለክቶ የሚስማማውን ሸክላ ይትከል። ገንዘብ የሚያጥረው በዕድርና በቁጠባ ማኅበር ተራ ገብቶ ይግዛ፤ አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም ይባል የለ። የጦር ክፍሎች በወጥ ቤታቸው በወር ስንት ኪሎ እንጨት እንደሚፈጅ እንደ ጥይት ቆጥረው ይመዝግቡ፤ ያልተቆጠረ ነገር አይቆጠብምና። በክረምቱም ለቆረጡት ሁሉ ችግኝ ይትከሉ፣ ተክለውም ይጠብቁ። የካርቱም ሕዝብ የሱንትን ደን ያጣው ዛፍ ጠልቶ አይደለም፤ የክፉ ቀን ምድጃ አስቀድሞ ስላልተዘጋጀ ነው። እኛ ግን ለዝግጅት ጊዜው ገና አለን።